ወንድሜ ዘነበ

ልጅ እያለሁ አዘዞ ውስጥ የሞቀ ዱቄት ሽታ ደጃችን ላይ ሲደርስ ዘነበ ከወፍጮ ቤት መመለሱን አውቅ ነበር። ሲወለድ ሴት ተብሎ ዘነበች የሚል ስም ወጥቶለታል። ጉርምስናው ሲመጣ ጸጉሩን ተላጨ፣ የሟቹን አባታችንን ሱሪ ታጠቀና «ከእንግዲህ ጋሼ በይኝ» አለኝ። እኔም አልኩት፤ አልከበደኝም።

ሰፈሩን ግን ከበደው። የአባታችን እናት ከመተማ በረሃ ተሸጠው የመጡ ናቸውና ድሮም የምንጠራው «ባሪያ» እየተባልን ነበር። አብዮቱ ሰው ሁሉ እኩል ነው ቢልም፣ ለቅሶ ቤት ቦታችን ከበሩ ሥር አልተነሣም። ዘነበን ሴቶቹ በሱሪው፣ ወንዶቹ በአፈጣጠሩ፣ ሁሉም በመልኩ ገፉት። «ባርነቱ አንሷት ወንድ ልሁን ትላለች» ይላሉ፣ እየሰማ። እናቴም «ምነው ልጄ፣ ከአንዱ ስድብ መች አረፍንና ሌላ ትጨምሪብናለሽ?» ትለው ነበር። እሱ የወፍጮ ቤቱን ኩንታል ይሸከማል።

ከዚያ አፈሳ መጣ። ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና የተጣለበትን ኮታ መሙላት ነበረበት፤ ጎረምሳው ሁሉ ቆጥ ላይና ገደል ውስጥ ተደበቀ። አንድ ጠዋት ታጣቂዎች በጭነት ማኪና መጥተው ወፍጮ ቤቱን ከበቡ። እናቴ ነጠላዋን ጥላ ስትሮጥ ተከተልኳት።

«ሴት ናት! ስለ ማርያም፣ የወለድኳት እኔ ነኝ፣ ሴት ናት!» እያለች ማኪናው ጎማ ሥር ወደቀች።

የራሱን ልጅ ገጠር የደበቀው የቀበሌው ሊቀ መንበር ወደ ዘነበ ዞረ። እስከዚያች ቀን «አንቺ» ሲለው የኖረ ሰው ነው።

«አንተ፣ ወንድ ነህ ሴት?» አለው።

አንዲት ቃል ታድነው ነበር። ዘነበ እናቴን አየ፣ እኔን አየ።

«ወንድ ነኝ» አለና ማኪናው ላይ ወጣ።

የምልምሎቹን የሰውነት ምርመራ እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። ጥቂት ክረምቶች ካለፉ በኋላ አንድ እግሩን ያጣ ወታደር ቤታችን መጣ። «ዘነበ ጎበዝ ነበር። ከጎኔ ነው የወደቀው» አለን።

እናቴ ፍትሐት ልታስደርግ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ያጠመቁት ቄስ «ወለተ ማርያም አይደለች?» ብለው ጠየቋት።

«አባ፣ ወልደ ማርያም ብለው ያንሡልኝ።»

ዛሬ አዘዞ ፎቅ በፎቅ ሆናለች። ያ ስድብ ፊት ለፊት አይወጣም፤ ልጅ ለትዳር ሲጠየቅ ግን አሁንም አጥንታችን በሹክሹክታ ይቆጠራል። ወንድም ነበረሽ ወይ ሲሉኝ «ነበረኝ» እላለሁ። የሚያውቁን ሽማግሌዎች «እህትሽን ነው?» እያሉ ያርሙኛል። የምትመሰክርልኝ እናቴም የለችም።