በፀሐይ የተወራ ተረት

አዳማ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ያደገ ሁሉ ጆቴን ያውቀዋል። ሐዲድ ጠባቂ ነበር፤ ከስቶ የረዘመ፣ ሚስቱን በኅዳር በሽታ የቀበረ፣ ልጅ ያላየ። ሀብቱ ተረቱ ብቻ ነው። ማታ ማታ ፋኖሱን ሰቅሎ ሲጀምር የሰፈሩ ልጆች እንደ ጫጩት ይከቡታል። «ያለ እነሱ ምን አለኝ?» ይል ነበር።

በ፲፱፻፳፫ ዓ.ም. መምህር ገሠሠ ከጣቢያው ጀርባ ወዳለችው ትንሽ ትምህርት ቤት ጠሩት።

«ጆቴ፣ ልጆቼ ፊደሉን ይሸመድዳሉ እንጂ አንደበታቸው አልተፈታም። ተረት ንገራቸው፤ ተረቱንም እየሆኑ ይጫወቱት።»

«መቼ?»

«በቀን ነዋ! ማታማ ጅቡ ራሱ ሊማር ይመጣል።»

ጆቴ አልሳቀም። እሱ በተወለደበት በአርሲ በኩል ተረት በፀሐይ አይወራም፤ ከብት ይበትናል ይባላል። ከእናቱ የሰማው ነው፤ ያምንበታል። ግን ሠላሳ ልጅ አፉን ከፍቶ ሲጠብቀው ታየውና ናፍቆቱ ፍርሃቱን በለጠው።

«እሺ፣ ጌታዬ» አለ።

ሁንዴ ጅብ ሆነ፤ ሀጂራ ላም። ሀጂራ በሻሿ ቀንድ ሠርታ «እምቧ!» ስትል ግቢው በሳቅ ተናጋ። ሰው ፊት ምላሱ የሚተበተበው ሁንዴ እያነከሰ መጥቶ የጅቡን ቃል አንድም ሳይሰናከል ተወጣው። ጆቴ ፊቱን አዙሮ ዓይኑን ጠረገ። ያን ቀን የሠላሳ ልጅ አባት ነበር።

በሳምንቱ የሁንዴ አባት ሦስት ላሞች ወደ አዋሽ እንደወረዱ ጠፉ። ሰውየው ዱላውን ይዞ ግቢው ድረስ መጣ።

«አንተ ሽማግሌ! በቀን ጅብ ስትጠራ ማን ይመጣል ብለህ ነበር?»

«ሂድ፣ እረኛህን ጠይቅ!» ብለው መምህሩ ሊሟገቱ ሲነሡ ጆቴ ቀደማቸው።

«እውነቱን ነው። እያወቅሁ ነው ያወራሁት።»

ያቺ ቃል በላችው። በገዛ አፉ ላመነ ሰው ማን ይከራከርለታል? ከማግሥቱ ጀምሮ ከግቢው ቀረ፤ ፋኖሱም ሥር የሚመጣ ልጅ ጠፋ። ሁንዴን አባቱ ከትምህርት አውጥቶ ከብት ኋላ ሰደደው፤ ምላሱም እንደ ድሮው ታሰረ። ጆቴ ሐዲዱን ተከትሎ ብቻውን ያንጎራጉር ጀመር፦

አዋሽ ሲጎድልማ ደለሉ ይቀራል፤
ሰው ዝም ሲያሰኙት ሆዱ ይናገራል።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ላሞቹ ተገኙ። ሞጆ በኩል ከሌላ ሰው ከብት ተቀላቅለው ይግጡ ነበር፤ ጅብም አልነካቸውም። ጆቴ ይህን ሲሰማ ካቦርቱን ለብሶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ፤ አሁን ይጠሩኛል ብሎ።

የመጣችው የሁንዴ እናት ቡዜ ናት፤ በጮጮ ወተት ይዛ።

«ይጠጡ፣ አባ ጆቴ። የላሞቹ ነው።»

«ልጆቹስ? ልመለስ ወይ?»

«ኧረ ዋቃዮ! ምነው?» ደነገጠች። «እርስዎ ዝም ቢሉ አይደል የተመለሱልን? አገሩ ሁሉ እየመረቀዎት ነው። እንዲሁ ዝም ይበሉልን።»

ከመንገዱ ማዶ ሀጂራና ጓደኞቿ ቆመው ያዩታል፤ መጠጋት ፈርተዋል። የሚላቸው ነገር ጉሮሮው ድረስ መጣ። ጮጮውን አነሣና ከወተቱ ጋር መልሶ ዋጠው።