«አቶ ነገ» ነገ ያላለ ዕለት

በያጁን ሰዉ ሁሉ «አቶ ነገ» ነው የሚለው። በከንቱ ያወጡለት ስም አይደለም! የመኪና ጎማን ከሻሲው ጋር የሚያያይዘውን ክንድ ከአሮጌ ባሌስትራ ቆርጦ ይሠራል፤ በይዶ ሲጨርስ ግን አያስረክብም። ትኩሱን ብረት አመድ በሞላ በርሜል ውስጥ ይቀብረውና «ነገ ና» ይላል። «ኧረ ባክህ፣ ብረት ነው ወይስ ድንች?» ይሉታል ሾፌሮቹ። እሱ እቴ! ቢለምኑትም ቢሰድቡትም ያው ነገ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሠራ አንድም አልተሰበረበትም።

አንድ ቀን ብቻ ነገ አላለም። ታናሽ ወንድሙ ፒካፑን ሽንኩርት ጭኖ መጣና «ይበሰብስብኛል፤ ለኔም ነው ነገ? ወንድምህ አይደለሁም እንዴ?» እያለ ነዘነዘው። በያጁ ሰለቸው። ትኩሱ ብረት ላይ አንድ ጆግ ውሃ ደፋበት፣ ገጠመለት፣ ሸኘው። ቁልቁለቱ ላይ ክንዱ ተሰበረ፤ ፒካፑ ተገለበጠ፤ ወንድሙ እዚያው ሞተ።

ይኸው ሁለት ወር ሆነው። አላለቀሰም። «አይዞህ» ሲሉት «እሺ» ይላል፣ ብላ ሲሉት ይበላል። ውስጡ በድን ሆኗል።

ዛሬ ጠዋት የወንድሙ ሚስት የተሰበረውን ብረት በፌስታል ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ መኪናውን አስጠግኜ ወንድሜ ሊነዳልኝ ነው። ይቺን መልሰህ ሥራልኝ። ካንተ ሌላ ሰው አላምንም።»

ብረቱን አገላብጦ አየው። አልጎበጠም፤ ብየዳው ሥር እንደ ሸክላ ቀጭ ብሏል። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም፤ እሷም ጋሼ እንዳለችው ትኖራለች።

«ውሃ ደፍቼበት ነው» አላት፣ ሰዓት እንደተጠየቀ ሰው። «አመድ ውስጥ ቢቆይ ቢበዛ ይጎብጥ ነበር እንጂ አይሰበርም ነበር። ቸኩሎብኝ . . . የለም፣ እኔ ነኝ።»

አልጮኸችም። አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለች።

«እስከ መቼ ነበር መቆየት የነበረበት?»

«እስከ ጠዋት።»

«እስከ ጠዋት ብቻ?»

«አዎ።»

ተነሥታ ብረቱን ከእጁ ወሰደችና ፌስታሏ ውስጥ ከተተችው። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች።

«ነገ ብትለው ኖሮ ያን ዕለት እቤቱ ነበር የሚያድረው» አለችው።

ጋሼ አላለችውም።