በጡቴ ቦታ ያስቀመጥኩት ተልባ

ትናንት ጠዋት ጠበል ሄጄ ጉድ ሆኜ መጣሁ... ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ እየነደደ ነው።

እኛ አገር እስቴ ጳጉሜ ሲገባ ቤቱ የሚቀር የለም። ሳይነጋ ተነስቶ ጠበል ነው። እናቴ ደግሞ በዚህ ቀልድ አታውቅም። «ተነሽ! ያመመሽ ሁሉ በሩፋኤል ታጥቦ ይሂድ!» ብላ ብርድ ልብሱን ገፈፈችኝ።

እምቢ እንዳልል ምክንያቴ አይነገርም። ግራ ጡቴ ካንሰር ሆኖ ባሕር ዳር እንደተቆረጠ ከታላቅ እህቴ በቀር የሚያውቅ የለም። ለእናቴ «ትርፍ አንጀት ነው» አልኳት። ፀጉሬ ሲረግፍ ደግሞ «ደም ማነስ ነው» አልኳት። ከተማችን መካነ ኢየሱስ ትንሽ ናት። አስተማሪ ነኝ፣ አላገባሁም... «አንድ ጡቷ እኮ የለም» እየተባልኩ በገበያ መሃል ከማልፍ መሬት ብትውጠኝ ይሻለኛል።

ስለዚህ ጡት ማስያዣዬ ውስጥ የሆነ ነገር መወተፍ ነበረብኝ። በካልሲ ጀመርኩ። ካልሲ ቀላል ነው፤ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ሽቅብ ወጥቶ አንገቴ ሥር ይደርሳል። ቀጥሎ ትንሽ ከረጢት ሰፍቼ ተልባ ሞላሁባት። እንዴት ያለ ነገር መሰላችሁ! ይከብዳል፣ ይለሰልሳል፣ ስራመድ እንደ እውነተኛው ይወዛወዛል። በራሴ ኮራሁ።

እንግዲህ ተልባ ውሃ ሲነካው ምን እንደሚሆን ጾም የጾመ ሁሉ ያውቃል። እኔን ምን እንደነካኝ እንጃ...

ጠበሉ ጋ ሴቶቹ ልብሳቸውን እያወለቁ በየተራ ይገባሉ። እኔ «በርዶኝ ነው» ብዬ ከነውስጥ ልብሴ ገባሁ። ውሃው ይወርድብኛል፣ ይወርድብኛል... ቆየት ብሎ ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ሲያብጥ ተሰማኝ። ከዚያ ስፌቱ ተተረተረ። ቡናማ ፍሬ ከዝልግልግ ነገር ጋር በሆዴ በእግሬ ይወርድ ጀመር።

ከኋላዬ አንዷ ጮኸች።

«ወጣላት! ድግምቱ ወጣላት!»

እልልታው ቀለጠ። ከሁሉም በላይ የምትጮኸው ደግሞ እናቴ! እጆቿን ወደ ሰማይ ዘርግታ «ሩፋኤል፣ ስለቴን ሰማኸኝ!» እያለች ታለቅሳለች። እኔ በሁለት እጄ ደረቴን ይዤ ቆሜያለሁ። በእግዚአብሔር ጠበል ላይ የሐሰት ተአምር የሠራሁ እኔው!

አንዲት ጠና ያሉ ሴት መጡና በራሳቸው ጋቢ ጠቅልለው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። ከሲማዳ የመጡ ገበሬ ናቸው፤ እትዬ ጥሩ እንደሚባሉ በኋላ ነው ያወቅሁት። ከእግሬ ላይ ትንሽ ጠርገው በጣታቸው አሹት።

«ተልባ ነው አይደል?»

ጋቢውን እስከ አንገቴ ሳብኩት።

«አይ ልጄ... እኔስ ስንዴ ነበር ያደረግሁት። አረም ላይ ዝናብ ደበደበኝ፣ ሳላወጣው ሰነበትሁና በቀለብኝ!»

ቀሚሳቸውን ገለጥ አደረጉ። የእሳቸው የተቆረጠው ቀኙ ነበር። ከታመምኩ ጀምሮ እንደኔ ያለ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። እያለቀስኩ ሳቅኩ።

«በተቆረጠው በኩል እጅሽስ ያብጣል?»

«ያብጣል። ብቻዬን የሚያብጥብኝ መስሎኝ ነበር...»

«የኔም ያብጣል። እንዴት እንደምታሺው አሳይሻለሁ። አሁን የበግ ፀጉር ጠቅጥቄ ነው የማደርገው፣ ላንቺም እሰፋልሻለሁ።» ከዚያ ወደ እናቴ ዞር ብለው አዩ። «እሷ አታውቅም?»

«አታውቅም።»

«በይ ተነሽ! እልልታው ገበያ ሳይደርስ እንንገራት» ብለው እጄን ይዘው ጎተቱኝ።

እናቴ ፊት ስንቆም የነገሯት እሳቸው ናቸው፤ እጄን ግን አልለቀቁኝም። እናቴ ጋቢውን ገልጣ ደረቴን አየችው።

«ታዲያ ያን ሁሉ እልልታ ለተልባ ነው?» አለች።

እትዬ ጥሩ በሳቅ ፈነዱ። እኔም ልስቅ ስል የእናቴን ዓይን አየሁት።

«እኔ እናትሽ ሞቼ ነው ለብቻሽ የታመምሽው?» አለችኝ።

ስለ ጡቴ ስንት ቀን አፍሬያለሁ... እንደዚያች ሰዓት ግን አፍሬ አላውቅም።