የእህቴ ትከሻ

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት ነው። ሰው "አንተ እኮ ከዓይንህ ምንም አያመልጥም" ባለኝ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ አፍራለሁም።

ነቀምቴ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ ግጥም እጽፋለሁ። ያስተማረኝ የለም። ታላቅ እህቴ ጫልቱ አግብታ የምትኖረው ኡኬ ከተማ ነበር። አንድ ቀን ደውላ፣ "ባሌ ደብድቦኛል። እሁድ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ እናታችን ቤት ልግባ ብዬ ልጠይቅ ነው። መጥተህ ከጎኔ ቁምልኝ" አለችኝ።

ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግቢዋ ውስጥ፣ ማንጎው ሥር ተቀምጠዋል። ከሁለት ሳምንት በፊት የጎረቤቷን ጉዳይ ያዩት እነሱ ነበሩ። ጎረቤቷ ቀይ ናት፤ ጉንጯ በልዞ ቀይ ሥር መስሎ ስለነበር ማንም ብዙ አልጠየቃትም። ወደ ቤተሰቦቿ ትሂድ ተባለ።

እህቴ ግን እንደ እናታችን ጥቁር ናት። ስለዚያ ቆዳዋ ግጥም ጽፌያለሁ፤ ዝናብ የጠጣ መሬት ነው ብዬ።

"ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ምልክቱን እስቲ አሳዪን" አሏት ሰብሳቢው ኦቦ ለማ።

ሻርፗን አውርዳ የቀሚሷን አንገት ወደ ጎን ሳበች። ተራ በተራ አንገታቸውን አስግገው አዩ። አንዱ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አደረጉ።

"ምኑ ነው የሚታየው?"

"እኔስ ምን አልኩ!" አለ ባሏ። "ጣቴን አላሳረፍኩባትም። ይኸው፣ በዓይናችሁ እያያችሁ ነው።"

ኦቦ ለማ ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ወንድሟ ነህ፣ ዓይንህም ገና ወጣት ነው። ይታይሃል?"

ሁለት እርምጃ ርቄ እንደቆምኩ አየሁ። ቀኝ ትከሻዋ ከግራው ጠቆር ብሏል፤ ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል። የማንጎው ጥላ ነው አልኩ በልቤ። ለእኔም መበለዝ ማለት የጎረቤቷ ጉንጭ ነበር። ደግሞ ለእህቱ አዳላ እንዳልባል ፈራሁ።

"አይታየኝም" አልኩ።

ጫልቱ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ሻርፗን መልሳ ለበሰች። ባልሽን ያለ ጥፋቱ ከሰስሽ ተብላ፣ ይቅርታ ጠይቃ፣ ከእሱ ጋር እንድትኖር ተፈረደባት። ተጸለየ። እኔም አሜን አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ክንዷን ማንሳት አቃታት። በሚኒባስ ነቀምቴ አምጥቼ ክሊኒክ ወሰድኳት። ነርሷም ጥቁር ነበረች። እህቴን ወደ መስኮቱ አዞረቻት፣ ሁለቱን ትከሻዎች አስተያየች፣ ከዚያ በእጇ ጀርባ ዳሰሰች።

"እጅህን ስጠኝ" አለችኝና ጣቶቼን ትከሻዋ ላይ አስቀመጠች። ይሞቃል። ደንድኗል። ትንሽ ጫን ሳደርግ እህቴ ጮኸች። ራጅ ስትነሳ አጥንቷ መሰንጠቁ ታወቀ።

"ሳምንት አልፎታል" አለች ነርሷ። "ጥቁር ገላ ላይ ቀይና ሰማያዊ አትፈልጉ። ይጠቁራል፣ ያብጣል፣ ይሞቃል። እስከ ዛሬ የዳሰሳት ሰው የለም?"

"ያያት ሰው ነበር" አለች ጫልቱ፣ ወደ እኔ ሳትዞር።

ወደ ኡኬ አልተመለሰችም። ማንንም ሳታስፈቅድ አኖ ከተማ፣ እናታችን ቤት ገባች። እነኦቦ ለማን ለብዙ ጊዜ ስረግም ከረምኩ። እነሱ ግን የእውነት አላዩም። እኔ አይቻለሁ።

አሁን አኖ ስሄድ ምሳ ታቀርብልኛለች፣ ትጫወታለች። በር ላይ ስደርስ ግን ሁልጊዜ፣ "ወደ ብርሃኑ ጠጋ በል እንጂ ወንድሜ፣ አትታየኝም" ትለኛለች። ቤቱ ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ።