በላባ ያፈራው ኪያር

አንዲት ሴት «ተሳስቻለሁ» ከማለት ይልቅ፣ ሌላዋ «ዓይኗ ክፉ ነው» ስትባል ቁጭ ብላ መስማት እንዴት ይቀላታል? ይህን ጥያቄ ስድስት ዓመት ይዤው ኖሬያለሁ። 

ነገሩን እስካለፈው ዓመት ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። በየጾሙ ለነፍስ አባቴ እናዘዛለሁ፤ ሳልሳለም ያለፍኩትን ቤተ ክርስቲያን፣ በሁዳዴ ሳላውቅ የቀመስኩትን ቅቤ ሳይቀር አንድ በአንድ እቆጥራለሁ። ኪያሩን ግን አላነሳም። እናንተ የምታነቡት እንደ ነፍስ አባት ሆናችሁ ስሙኝ፤ ለመፍታት ግን አትቸኩሉ።

ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ ከገጠር ንፋስ መውጫ ከተማ ገብቼ፣ የማታ ተማሪ ሆኜ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው የተጻፈ ነገር ሲያይ ልቡ ይንበረከካል። እኔ አንዲት ፊደል ተዛነፈች ብዬ ሙሉ ገጽ እንደገና የምገለብጥ ሴት ነኝ። ዘጠኝ ሴቶች ሆነን የአትክልት ማኅበር ስንመሠርት ጸሐፊ ያደረጉኝም ለዚሁ ነው። ሊቀመንበራችን በላይነሽ፣ «እሷ ካነበበችው በኋላ ማን ይከራከራል?» ትል ነበር። ስትል ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱን ልናገር ከተነሳሁ አይቀር፣ በጣም ደስ ይለኝ ነበር።

በጓሮዬ የላስቲክ ቤት አቆምን። የንፋስ መውጫን ብርድ ታውቁት እንደሆነ፣ ኪያር ደጅ ላይ ተዘርቶ የሚሆንበት አገር አይደለም። ላስቲኩን የወጠረልን ሰው አንድ ገጽ መመሪያ ሰጠን። በሩ ሁልጊዜ ይዘጋ፣ ነፍሳት አይግቡ ይላል። መመሪያው የተጻፈው ግን ቤት ውስጥ፣ ነፍሳት ሳይነኩት እንዲያፈራ ለተዘጋጀ ዘር ነበር። ያንን ዘር ባሕር ዳር ድረስ ሄጄ አጣሁት። ባለ ሱቁ የሜዳውን ዘር አወጣልኝና «ኪያር ያው ኪያር ነው» አለኝ። ገዛሁ። የገዛሁት እኔ ነኝ። መመሪያውንም ለሴቶቹ ያነበብኩት፣ በሩን ያስዘጋሁትም እኔ ነኝ።

እትዬ እናኑ የማኅበራችን አባል፣ የእኔም የአጥር ጎረቤት ነበሩ። በዕድሜ ዐሥር ዓመት ይበልጡኛል። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ አንድ ልጃቸውን ሰብለንና አራት ቀፎ ንባቸውን ይዘው ይኖራሉ። ሐረጉ ማበብ ሲጀምር፣ ሴቶቹ በተሰበሰቡበት እንዲህ አሉኝ፦

«አንቺ ልጅ፣ ንቦቼ ላስቲክሽን ሲደበድቡ ይውላሉ እኮ። ምናለ በሩን ብትከፍቺላቸው?»

«መመሪያው ዝጉ ይላል፣ እትዬ።»

«እህ! መመሪያሽ አበባ አሽትቶ ያውቃል?»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም የሳቅሁ መሰልኩ። ሲሄዱ የበሩን ስንጥቅ በአሮጌ ብርድ ልብስ ደፈንኩት።

በማግስቱ እትዬ እናኑ ደጃፉ ላይ ቆመው በላስቲኩ አሻግረው እያዩ «ወይ ማማሩ! ወይ ማማሩ!» አሉ። በእኛ አገር ጥጃም ይሁን ሕፃን፣ ቡቃያም ይሁን፣ ያማረ ነገር ያየ ሰው እንትፍ ይላል፤ ቢያንስ «እግዜር ይባርከው» ይላል። ረሱት። በላይነሽ አጠገባቸው ነበረች፤ ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። በዚያው ሳምንት ከአበቦቹ ሥር ብቅ ያሉት፣ ጣት የማያክሉት ኪያሮች ቢጫ እየሆኑ ይረግፉ ጀመር።

ያን ጊዜ የዘሩን ፖስታ አወጣሁ። ጀርባው ላይ በእንግሊዝኛ፣ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ነገር አለ። መዝገበ ቃላት ይዤ፣ ቃል በቃል፣ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ወንዱ አበባና ሴቷ አበባ ለየብቻ ናቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላዋ ብናኙን ንብ ካላደረሰው ፍሬው አይዝም፤ ይረግፋል። «ንብ» የሚለውን ግን መዝገበ ቃላት ሳልገልጥ ነው ያወቅሁት። ፖስታውን አጥፌ በደብተሬ መሐል ከተትኩት።

ልብ በሉልኝ። ይህን ያነበብኩት ስለሚረግፈው ኪያር ስብሰባ ከመጠራቱ ሦስት ቀን ቀድሞ ነው። ሳላውቅ አልበደልኩም። አውቄ ነው።

በስብሰባው ላይ በላይነሽ «ዓይን ገብቶበታል። ማን አፉን ሞልቶ እንዳደነቀው ሁላችንም እናውቃለን» አለች። ማንም ስም አልጠራም። ሁሉም ግን ወደ እትዬ እናኑ ዞረ። እሳቸው መጀመሪያ ቀልድ መስሏቸው ፈገግ አሉ። ከዚያ ፈገግታው ፊታቸው ላይ ደረቀ። አየሁት፤ ሲደርቅ አየሁት።

«እስኪ አንቺ ተናገሪ» አለችኝ በላይነሽ፤ «ወረቀቱ ምን ይላል?»

እትዬ እናኑ ቀና ብለው አዩኝ። ደብተሩ ጉልበቴ ላይ ነበር፤ ፖስታው ደብተሩ ውስጥ ነበር። ምን ነበር ከእኔ የሚፈለገው? ገልጦ ማንበብ ብቻ! እኔ ግን ያሰብኩት ያንን ሳቅ ነው። ቀፎ ከማየት በቀር ትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጡ ሴት ትክክል ሆነው፣ እኔ ከነመዝገበ ቃላቴ ተሳስቼ መገኘቴን ነው ያሰብኩት።

«ወረቀቱ ምንም አይልም» አልኩ።

እሳቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡና ወጡ። ቃለ ጉባኤው ላይ «ወ/ሮ እናኑ በገዛ ፈቃዳቸው ከማኅበሩ ለቀዋል» ብዬ ጻፍኩ። ፊደሉ አንድም አልተዛነፈም።

እውነቱን መደበቄ ብቻ ቢሆን ምናልባት ዛሬ ቀና ብዬ እሄድ ነበር። ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ነው የባሰው። በሩን ብከፍተው የእትዬ እናኑን ቃል መፈጸሜ ነው፤ ስለዚህ አልከፈትኩም። በየማለዳው፣ ሴቶቹ ሳይመጡ፣ የዶሮ ላባ ይዤ እገባና ከወንዱ አበባ ወደ ሴቷ እያመላለስኩ እነካካ ጀመር። የንቡን ሥራ ከንቡ ሰርቄ ሠራሁት። ለማኅበሩ ብዬ ነው እል ነበር ለራሴ። ለማኅበሩ ነበር? በዐሥራ አምስት ቀን ውስጥ ሐረጉ ኪያር ተሸከመ።

«አያችሁ!» አለች በላይነሽ እያጨበጨበች፤ «እግራቸው ከወጣ በኋላ እንዴት አድርጎ ያዘ!»

ላባው በቀሚሴ ኪስ ውስጥ ነበር። በእጄ ያፈራሁት ፍሬ እሳቸው ላይ ምስክር ሆኖ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ወሬውን ማን ይመልሰዋል? ከገበያ ማራቸውን የሚገዛ ጠፋ። እናቶች ሕፃናቸውን ነጠላ ውስጥ ሸሽገው ያልፏቸው ጀመር። ሰብለን ለማጨት የተላኩት ሽማግሌዎች ሁለተኛ እንመጣለን ባሉበት ቀን አልመጡም፤ «ዘራቸውን አጣርተን ነው የቀረነው» የሚል ቃል ላኩ። ሰብለ ያን ሰሞን ውሃ ስትቀዳ አገኘኋት። «ደህና አደርሽ፣ እታለም?» አለችኝ፤ እንደ ወትሮዋ፣ በአክብሮት። ብትሰድበኝ ኖሮ ብዬ እንኳ መመኘት አልቻልኩም፤ ምንም አታውቅማ። በበጋው እናትና ልጅ ቀፎውን በአህያ ጭነው አርብ ገበያ ወደምትባለው ከተማ ለቀው ሄዱ። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ አያቸው ነበር።

የላስቲክ ቤቱን ነፋስ ከቀደደው ቆይቷል። ማኅበሩም ፈርሷል። ቃለ ጉባኤው ግን እኔ ዘንድ አለ፤ አንዳንዴ እገልጠውና ያንን መስመር አነባለሁ።

ባለፈው ዓመት፣ በአንድ ዓርብ፣ ፖስታውን ይዤ አርብ ገበያ ወረድኩ። ቤታቸው ከገበያው በላይ ነው። አጥራቸው ላይ ቀፎ ተደርድሮ ከሩቅ አየሁና ደጁን ሳልጠይቅ ደረስኩ። እትዬ እናኑ አርጅተዋል። ሰብለ ገበያ ወጥታለች፤ አላገባችም። በርጩማ ሰጡኝ፤ አልተቀመጥኩም። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ፖስታውን፣ «ምንም አይልም» ያልኩትን፣ ላባውን። 

እትዬ እናኑ ፖስታውን ተቀብለው ገለበጡት፤ ማንበብ አይችሉም፤ መልሰው ሰጡኝ።

«ይኼን ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ?» አሉኝ፤ «እኔማ ዓይኔን አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ለማን ልንገር፣ እትዬ?»

«ለማያውቁት ነዋ። ያን ጊዜ በጽሑፍ አልነበር ያስወጣሽኝ? በጽሑፍ መልሺኝ።»

«ይቅር ለእግዜር» አላሉኝም። እኔም በሉኝ አላልኩም። ከአጥሩ ስወጣ ንቦቻቸው በራሴ ላይ ያልፉ ነበር፤ አንዷም አልነካችኝ።