አባቴ ለኤአይ የተናገረው

ባለፈው እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ አባቴ ጋ ጎራ አልኩ። ቀሐ ሰፈር ብቻውን ነው የሚኖረው፤ እናቴ ካረፈች ዓመት ሊሞላት ነው። ሆቴል ያስጠቀለልኩትን ምሳ እንደ ሁልጊዜው ይዤለት ሄጃለሁ።

አባቴ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ያለ መጽሐፍ መዋል አይችልም። እኔ ደግሞ መሥሪያ ቤት ውስጥ «የኤአይ ሊቅ» ነኝ... ፕሮምፕት፣ ማለትም ለኤአዩ የሚሰጠውን ትእዛዝ፣ የሚያስጽፈው ሁሉ ጠረጴዛዬ ላይ ነው የሚሰለፈው። ትንሽ ጉራም አለብኝ፣ አልዋሽም።

ሰሞኑን በስልክ «የማነበው አጣሁ» ሲለኝ ታዲያ ወዲያው ኤአዩን ጠየቅኩለት። «አባቴ ጡረተኛ መምህር ነው፣ ታሪክ ይወዳል፣ መጽሐፍ ምረጥለት» አልኩት። የመረጠውን ገዝቼ ላክሁለት። እሁድ ስደርስ መጻሕፍቱ ከነላስቲካቸው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል።

«ምነው አባዬ፣ አልወደድካቸውም?»

«ኧረ ሸጋ ናቸው። ይመስገን፣ አነባቸዋለሁ።»

አባቴ እንዲህ ነው። ቢርበው፣ ቢያመው፣ ቢከፋው... ሁሉም «ይመስገን» ነው።

ጥፋቱ የፕሮምፕቴ ነው ብዬ ደመደምኩ። ስለ ሰውዬው በደንብ ካልነገሩት ለማንም የሚሰጠውን ነው የሚሰጠው። ስልኬን አወጣሁና ኤአዩን ከፍቼ «በል ራስህ በድምፅ ንገረው» አልኩት።

ስልኩን በሁለት እጁ ያዘው። «እንደምን ዋልክ? ቤተሰብ ደህና ነው?» ብሎ ጀመረ።

በሳቅ ሞትኩ። «አባዬ፣ ሰላምታውን ተወው! ስለራስህ ንገረው። ቀንህ እንዴት እንደሚያልፍ፣ ምን እንደቸገረህ፣ ምን ማወቅ እንደምትፈልግ... ምንም ሳትደብቅ። ሰው አይደለም፣ አይታዘብህም።»

«አይታዘበኝም?»

«በፍጹም!»

ጉሮሮውን ጠራረገና ቀጠለ።

«እኔ ወጥ መሥራት አላውቅም። ባለቤቴ በሕይወት እያለች ጓዳ ገብቼ አላውቅም፤ ለወንድ ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። እስከ ተዝካሯ ድረስ ጎረቤት ያመጣልኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰውም ወደ ጉዳዩ ሄደ። ሽሮ ሞክሬ አረረብኝ። እንጀራ ከሱቅ እገዛና በድልህ እበላለሁ፣ ሲሰለቸኝ ዳቦ በሻይ። የታሪክ መጽሐፍ ይቆየኝ። ምንም የማያውቅ ሽማግሌ ወጥ አሠራር የሚማርበት መጽሐፍ ካለ እሱን ጠቁመኝ።»

ሳቄ አፌ ላይ ቀረ። በየቀኑ እደውልለታለሁ እኮ! «በላህ?» እለዋለሁ፣ «ጠግቤያለሁ» ይለኛል፣ እዘጋለሁ። በየእሁዱ እመጣለሁ፣ የያዝኩትን ምሳ አቀርባለሁ... ጓዳውን ግን አንድ ቀን ገልጬ አይቼው አላውቅም።

ስልኩ በለሰለሰ ድምፅ መለሰለት። «ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። መጽሐፍ እንፈልጋለን። ግን ለጀማሪ አጠገቡ ቆሞ የሚያሳየው ሰው ቢኖር ይቀላል። በቅርብዎ እንዲህ ያለ ሰው አለ?»

አፌን ልከፍት ስል አባቴ ቀደመኝ።

«ልጅ አለችኝ። አዘዞ ናት፣ ሩቅ አይደለችም። ግን ሥራ ይበዛባታል፣ እሷን ባላስቸግር ደስ ይለኛል።»

አጠገቡ ተቀምጫለሁ! መኖሬን ረስቶ ይሁን፣ ፊት ለፊት ሊለኝ ያልቻለውን በስልኩ በኩል እየነገረኝ ይሁን፣ እስካሁን አላውቅም። ዓይኑን ከስልኩ ላይ አላነሳም። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ተነስቼ ጓዳ ገባሁ። ያረረው ድስት ውሃ ሞልቶበት ጥግ ላይ ተቀምጧል። ሌላ ድስት ጣድኩና «አባዬ፣ ና» አልኩት።

በሩ ላይ ቆመ። ለመግባት አፈረ መሰለኝ... ቆይቶ ገባ። ሽንኩርቱን እሱ ከተፈ። ሽሮውን በትንሽ በትንሹ እየነሰነሰ ሲያማስል ፊቱ ላይ ያየሁት ደስታ ጭራሽ አንጀቴን በላው።

«ያ ልጅ ግን ጨዋ ነው» አለኝ ድስቱን እያየ። ስልኩን ማለቱ ነው።

«እንዴት?»

«ሰው አለህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ እኮ።»

ሽሮው እንዴት ያለ ሽሮ ሆነ መሰላችሁ... ያመጣሁት የሆቴል ምሳ እንደተጠቀለለ ቀረ።