ያዘነበለው ግንብ

ለንሳ ጊንጪ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት። ጎረቤቷን ኦቦ ዋቅቶላን የግንብ አጥራቸው ማዘንበሉን ሦስት ጊዜ ነግራቸው ነበር። ሐምሌ ላይ ግንቡ ተንዶ ቀኝ እጇን ሰበረው፤ ጣቶቿ ዛሬም መቀስ አይጨብጡም።

ኦቦ ዋቅቶላ ሽማግሌዎች ይዘው መጡ። «የዝናብ ሥራ ነው፤ እንታረቅ» አሏት።

«ጥፋቱ የዝናቡ ከሆነ ሽማግሌ የሚልከው እሱ ነው» አለችና ከሰሰቻቸው።

ዳኛዋ ግንብ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ባያጠፋም ኃላፊ እንደሆነ አስረዱ። የኦቦ ዋቅቶላ ፊት ፈካ።

«እክሳታለሁ። ጥፋት የለብኝም ማለት ነው።»

ለንሳ ተነሣች። «ሦስት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። ይጻፍልኝ።»

«ለካሳው አያስፈልግም» አሉ ዳኛዋ።

«ለእኔ ያስፈልገኛል።»

ቃሏ መዝገቡ ላይ እስኪሰፍር አልተቀመጠችም።